ቀጭ ቀጭ የሚለው ማን ነው? የእጅ ሰዓት ከዘይት ጋር ያለበት ጣጣ

የአባቴ ሲኮ 5 በቀን አሥር ደቂቃ ያህል ወደ ኋላ መቅረት ጀመረች። ክረምት ነበር። ጅማ መርካቶ በረንዳ ላይ፣ ከመስታወት ሣጥናቸው ጀርባ ወደሚቀመጡ አንድ ሽማግሌ ሰዓት ሠሪ ወሰድኳት። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ጋሼ ክዳኗን ፈቱና ዓይናቸው ላይ የሰኳትን ማጉያ አውልቀው ሰጡኝ።

“እስቲ እይ ልጄ። ከቀለበቷ ሥር።”

አየሁ። ቀለበቷ ደከም ብላ ወዲያ ወዲህ ትላለች። ከሥሯ ጥፍር የማታህል ሹካ አለች። በሹካዋ ላይ ሁለት ቀያይ ድንጋዮች ተሰክተዋል። ድንጋዮቹ አንድ ባለ ጥርስ ጎማ ይነካሉ። የእያንዳንዱ ጥርስ ጫፍ ላይ ቡናማ ነገር ተጋግሯል።

“ዝገት ነው ጋሼ?”

“ዘይት ነው። ደርቆ ሙጫ ሆኗል። ከዚህ በፊት የከፈታትም ሰው አብዝቶባታል።”

ያቺን ቡናማ ጋግርት ካየሁ ወዲህ ስለ ሰዓት የማነበው ሁሉ መልኩ ተቀየረብኝ። በተለይ በእጃቸው ሰዓት ስለሚሠሩት ሰዎች የማነበው። እነዚህ ሰዎች ትልቅ ፋብሪካ የላቸውም። በትንሽ ወርክሾፕ፣ ብቻቸውን ወይም ከጥቂት ረዳቶች ጋር፣ በዓመት ጥቂት ሰዓት ይሠራሉ። ኢንዲፔንደንት ይባላሉ፤ በራሳቸው የቆሙ ለማለት ነው። ስቬንድ አንደርሰንና ቪንሰንት ካላብሬዜ የሚባሉ ሁለት ሰዓት ሠሪዎች በ1985 ማኅበር መሥርተውላቸዋል። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሥራዎቻቸውን ስታወዳድሩ መአት የሚያደናግር ስም ይገጥማችኋል። እኔ ግን አንድ ጥያቄ ይዤ ነው የምገባው። ይህ ሰው ዘይቱን ምን አደረገው? እሱ ከተመለሰ ሌላው ቀስ እያለ ይገለጣል።

መጀመሪያ ግን የሰዓቷን ሆድ እንወቅ።

በሞላ የምትሠራ ሰዓት ጉልበቷ ያለው ተጠቅልሎ በጠበቀ ሞላ ውስጥ ነው። ሞላው ዝም ብሎ ቢለቀቅ በአንድ ትንፋሽ ተተርትሮ ያልቃል። ስለዚህ የሚይዘው ያስፈልጋል። ይዞ ከቀረ ደግሞ ሰዓቷ ቆመች ማለት ነው። እናም ጥርስ በጥርስ እየያዘ እየለቀቀ የሚያሳልፈው አንድ ክፍል አለ። ባለሙያዎቹ ኤስኬፕመንት ይሉታል። እኔ ያዝ ለቀቅ እለዋለሁ፤ ሥራው እሱ ነውና። ቀጭ ቀጭ የሚለውም እሱ ነው። ጥርስ ድንጋይ ላይ ሲያርፍ ነው ያ ድምፅ የሚሰማው።

መቼ መልቀቅ እንዳለበት የምትነግረው ቀለበቷ ናት። ባላንስ ትባላለች። ፀጉር የመሰለች ሞላ ታስራ ትይዛታለች፤ ወደ አንድ በኩል ስትሄድ መልሳ ትጎትታታለች። ክርስቲያን ሁይገንስ ይህችን ቀጭን ሞላ በ1675 ይፋ ካደረገ ወዲህ የእጅና የኪስ ሰዓት እውነተኛ ሰዓት ሆነ ማለት ይቻላል። ባላንሷ ግን ብቻዋን ብትተው ትደክማለች። ስለዚህ ያዝ ለቀቁ ሁለተኛ ሥራ አለው። በለቀቀ ቁጥር ትንሽ ገፋ ያደርጋታል።

ዥዋዥዌ የሚገፋ ሰው ልጁ ዳር ሲደርስ ጠብቆ ነው የሚገፋው። የሰዓት ግፊ ግን መሃል ላይ ቢሆን ይመረጣል። ባላንሷ በመሃል ስታልፍ የተገፋች እንደሆነ ፍጥነቷ ይጨምራል እንጂ የምልልሷ ጊዜ ብዙም አይዛባም። ግፊው አጭር ይሁን፣ መሃል ላይ ይሁን፣ ከዚያ በኋላ አትንኳት። ያዝ ለቀቅ የሚቀርጹ ሰዎች ሁሉ የሚያልሙት ይህንን ነው።

ቁጥሩን ካያችሁት ነገሩ ቀላል እንዳልሆነ ይገባችኋል። እንደ አባቴ ያለች ሲኮ በሰዓት 21,600 ጊዜ ትመታለች። በሰከንድ 6 ጊዜ ማለት ነው። በቀን 518,400፤ በዓመት ከ189 ሚሊዮን በላይ። ቀን ደግሞ 86,400 ሰከንድ አለው። ሰዓት በቀን 10 ሰከንድ ሳተች ብለን ስናማርር፣ ከ8,640 ሰከንድ አንድ ሰከንድ ሳተች ብለን ነው። በጆንያ ቡና ለሚመዝን ሰው ይህ የማይታሰብ ጥራት ነው።

አሁን ወደ ሹካዋ። ይህ ሌቨር የሚባለው ዓይነት ነው። እንግሊዛዊው ቶማስ መጅ በ1755 አካባቢ ፈለሰፈው። ዛሬ በሞላ ከሚሠሩት ሰዓቶች አብዛኞቹ ውስጥ ያለው የእሱ ዘር ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው። ባላንሷ ስትመለስ ከሥሯ ያለች ትንሽ ድንጋይ ሹካዋን ትመታታለች። ሹካዋ ዘወር ስትል አንዱ ቀይ ድንጋይ የያዘውን ጥርስ ይለቃል። የተለቀቀው ጥርስ በድንጋዩ ተዳፋት ላይ እየተንሸራተተ ሲያልፍ ሹካዋን ይገፋል፤ ሹካዋም ባላንሷን። ወዲያው ሁለተኛው ድንጋይ ሌላ ጥርስ ፊት ይገተራል። ቀጭ። ጎማው አብዛኛውን ጊዜ 15 ጥርስ አለው፤ እያንዳንዱም ጥርስ ሁለት ምት ይሰጣል። ስለዚህ በ21,600 ምት የሚሄድ ጎማ በ5 ሰከንድ አንድ ዙር ይጨርሳል።

እንግዲህ ጣጣው “እየተንሸራተተ” የምትለው ቃል ላይ ነው። እንጨት በሽብልቅ ፈልጣችሁ ታውቁ ይሆናል። ሽብልቁ እንጨቱን የሚከፍተው እየተንሸራተተ በመግባት ነው። ከጉልበታችሁ ብዙው የሚበላው በመፋተጉ ነው። የሌቨር ጥርስና ድንጋይም ሽብልቅ ናቸው። የሚንሸራተት ነገር ዘይት ይፈልጋል፤ ዘይት ደግሞ አያረጅም አይባልም። ማር ብርድ ሲመታው እንደሚረጋ ሁሉ የሰዓት ዘይትም ዓመት ሲቆጠርበት ይወፍራል። አቧራ ይይዛል። ከተቀመጠበት ቦታ ይሸሻል። ዘይቱ ሲወፍር ግፊው ይደክማል። ግፊው ሲደክም የባላንሷ ምልልስ ያጥራል። ምልልሱ ሲያጥር ሰዓቷ ትስታለች። የአባቴ ሰዓት በሽታ ይኸው ነበር።

ታዲያ ሌቨር ለምን አልተጣለም? ሁለት ትልልቅ ጸጋ ስላለው ነው። አንደኛው፣ ድንጋዮቹ ዘንበል ተደርገው ስለሚሰኩ ጥርሱ ድንጋዩን ወደ ራሱ ይስበዋል። ሰዓቷ ብትመታ፣ በኮብልስቶን ላይ በባጃጅ ብትንገጫገጭ፣ ሹካዋ ያለ ጊዜዋ አትለቅም። ሁለተኛው፣ ቆማ የነበረች ሰዓት ጉልበት ስታገኝ ራሷ ትነሳለች። እጅ ላይ ለሚታሰር ነገር እነዚህ ሁለቱ ትንሽ ነገሮች አይደሉም።

አሁን ዘይቱን ጨርሶ ለማባረር የተነሱትን እንያቸው።

ባጃጅ ጭቃ ውስጥ ስትቀር ከኋላዋ ሆነን እንገፋታለን። መዳፋችን ላሜራው ላይ አይንሸራተትም፤ አብሯት ይሄዳል። በዴቴንት ያዝ ለቀቅ ውስጥ ጎማው ባላንሷን የሚገፋት እንዲህ ነው። መሃል ላይ ሹካ የለም። አንዲት ቀጭን ዘንግ ጥርሱን ይዛ ትቆማለች። ባላንሷ ወደ አንድ በኩል ስታልፍ ገለጥ ታደርጋታለች። ጎማው ይለቀቅና ባላንሷን በቀጥታ ይገፋታል። ባላንሷ ስትመለስ ግን ዘንጓን ሳታስለቅቅ ዝም ብላ ታልፋለች። በሁለት ምት አንድ ግፊ ብቻ። ፈረንሳዊው ፒየር ለሯ በ1748 ጀመረው፤ እንግሊዛውያኑ ጆን አርኖልድና ቶማስ ኧርንሾ በ1780 አካባቢ ለሥራ አበቁት። ጥርሶቹ ዘይት አይፈልጉም። መርከቦች ውቅያኖስ ላይ የት እንዳሉ ያወቁት በዚህ ነው። በምድር ወገብ ላይ የ4 ሰከንድ ስህተት አንድ የባሕር ማይል ያስታልና ቀልድ የለም።

ግን መርከብ ላይ ያ ሰዓት በሣጥን ውስጥ፣ በቀለበቶች ተንጠልጥሎ፣ እንደ ሕፃን ተጠብቆ ነው የሚኖረው። እጅ ላይ ሲመጣ ችግር አለ። ድንገተኛ ምት ዘንጓን ያለ ጊዜዋ ሊያስለቅቃት ይችላል። ያኔ ጎማው ይዘላል። ከቆመም ወዝወዝ ካላደረጋችሁት አይነሳም። ይህን ታግሎ እጅ ላይ ያሰረው አለ፤ ኡርባን ዩርገንሰን የሚባለው የሰዓት ኩባንያ በ2011 ዴቴንት ያለበት የእጅ ሰዓት አውጥቷል። ሳየው ልቤ ይሸፍታል። አጋሮ ድረስ በሚኒባስ ለምሄድበት ቀን ግን አልመርጠውም።

ዴቴንት አንድ በኩል ብቻ ይገፋል ብለናል። ሁለቱንም በኩል በቀጥታ ቢገፋስ? ይህን ያሰበው ታላቁ ሰዓት ሠሪ አብርሃም ሉዊ ብሬጌ ነው፤ በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ። “ተፈጥሯዊ” ብሎ ጠራው። አንዱ ጎማ ባላንሷን ወደ ቀኝ፣ ሌላው ወደ ግራ ይገፋታል። በሁለቱም በኩል የባጃጅ ግፊ እንጂ ሽብልቅ የለም። በወረቀት ላይ ከዚህ የሚያምር ነገር የለም።

ችግሩን ለማየት ሁለት ሴቶች በአንድ ሙቀጫ ቡና ሲወቅጡ አስቡ። አንዷ ስታነሳ ሌላዋ ትጥላለች። ዜማው ካልተዛባ እንዴት ያምራል! ግን አንዷ ለቅጽበት ከዘገየች ዘነዘናዎቹ ይጋጫሉ። በብሬጌ ሥራ የመጀመሪያው ጎማ ነው ሁለተኛውን የሚያዞረው፤ ጥርስ ለጥርስ ተያይዘው። በጥርስና በጥርስ መሃል ደግሞ የግድ ትንሽ ክፍተት አለ። ያቺ ክፍተት ሁለተኛውን ጎማ ታዋልለዋለች። የሁለት ጎማ ክብደት በየምቱ ማስነሳትና ማቆምም ጉልበት ይበላል። ብሬጌን የሚያህል ሰው እንኳ ሊያሸንፈው አልቻለም፤ ሐሳቡን ለተከታዮቹ ትቶት አለፈ።

የዛሬዎቹ ኢንዲፔንደንቶች በጣም የሚማርኩኝ እዚህ ላይ ነው። ያንኑ ሙቀጫ ይዘው እያንዳንዳቸው የተለየ መላ መቱለት። ፊንላንዳዊው ካሪ ቮቲላይነን ስዊዘርላንድ ተቀምጦ በ2011 ባወጣት ቫን ዊት በምትባል ሰዓቱ ሁለት ጎማ ተጠቀመ፤ ምቷን ረጋ አድርጎ በሰዓት 18,000 ላይ አቆማት። ሎራን ፌሪየር በዚያው ዓመት ከሁለቱ ጎማዎች ጋር የምትሠራውን ሹካ ከሲሊከን ሠራ፤ ቀላል ነገር ለማስነሳትና ለማቆም አያስቸግርምና። ፍራንስዋ ፖል ዡርን በ2012 ኦፕቲሙም በተባለችው ሰዓቱ ሁለቱን ጎማዎች ከቆመችበት ራሷን እንድታስነሳ አድርጎ ቀረጻቸው። ከሞላው የሚመጣው ጉልበት ወጣ ገባ እንዳይል ደግሞ አንዲት ትንሽ ሞላ በመሃል አስገባ፤ በየጊዜው እየሞላች እኩል እኩል የምታካፍል።

ከሁሉ ሥር ነቀል መልስ የሰጠው ግን እንግሊዛዊው ጆርጅ ዳንኤልስ ነው። ሴቶቹ የሚጋጩት አንዷ የሌላዋን ጉልበት ስለምትጠብቅ ከሆነ፣ ለየራሳቸው ጉልበት ስጧቸው አለ። በ1982 በሠራት ስፔስ ትራቨለር በምትባል የኪስ ሰዓት ውስጥ ሁለቱ ጎማዎች ለየብቻ ሞላና ለየብቻ የጥርስ ሰንሰለት አላቸው። የሚገናኙት ባላንሷ ዘንድ ብቻ ነው። በቅርብ ዓመታት በርንሃርድ ሌደረር ይህንኑ መንገድ ይዞ ወደ እጅ ሰዓት አምጥቶታል። ዋጋው ግልጽ ነው። አንድ ሰዓት ውስጥ ሁለት ሰዓት ሊሠሩ ምንም አልቀራቸውም።

ዳንኤልስ ግን በዓለም የታወቀው በሌላ ሥራው ነው። ኮአክሲያል ይባላል። በ1970ዎቹ አሰበው፤ በ1980 የባለቤትነት መብት አገኘበት። ስዊዞቹን ለማሳመን ዓመታት ደጅ ጠና። በ1999 ኦሜጋ የተባለው የስዊዝ ኩባንያ ተቀብሎ ለገበያ አወጣው። እኔ ይህን ሰው የማከብረው በእልሁ ብቻ አይደለም። ሌቨርንም ዴቴንትንም አልናቀም። ከሁለቱም የሚበጀውን ወሰደ።

እዩት። አንድ ዘንግ ላይ ትልቅና ትንሽ ጎማ ተደራርበው አሉ። ሹካ አለች፤ ስለዚህ እንደ ሌቨር በምት አትደነግጥም፣ ራሷም ትነሳለች። በአንድ በኩል ትልቁ ጎማ ባላንሷን እንደ ዴቴንት በቀጥታ ይገፋታል። በሌላው በኩል ትንሹ ጎማ ሹካዋን ይገፋል፤ ሹካዋ ባላንሷን። የሚቆልፉት ድንጋዮች ሌላ፣ የሚገፉት ሌላ ናቸው። በሌቨር አንድ ድንጋይ ይቆልፋልም ይገፋልም፤ ሁለት ሥራ ስላለበት ነው ረጅም የሚንሸራተተው። ሥራው ሲከፈል መንሸራተቱ አጠረ። ዘይት የሙጥኝ የሚባልበት ምክንያት አብሮ ቀነሰ።

ዳንኤልስ በእንግሊዝና በአየርላንድ መሃል ባለች፣ “ማን” በምትባል ደሴት ላይ ተቀምጦ በዕድሜው የሠራቸው ሰዓቶች ጥቂት ደርዘን ብቻ ናቸው። ከእሱ የተማረው ሮጀር ስሚዝ እዚያው ደሴት ላይ ሥራውን ቀጥሏል። በ2010 ስሚዝ ሁለቱን ተደራራቢ ጎማዎች ከአንድ ብረት ቀርጾ አወጣቸው። ይህን ሳነብ ወዲያው የታየኝ የእኛው የጅማ ባለ ሦስት እግር በርጩማ ነው። በርጩማው ከአንድ ግንድ ነው የሚፈለፈለው። መጋጠሚያ የለውም፤ መጋጠሚያ ከሌለው የሚላላ ነገር የለም። ሁለት ጎማ አንድ ዘንግ ላይ ሲገጠም ጥርሶቹ በፀጉር ስንጥቅ ልዩነት ሊዛነፉ ይችላሉ። ከአንድ ብረት ሲወጣ ያ ጭንቀት ቀረ። ክብደቱም ቀለለ። ጅማ ውስጥ ይህን በርጩማ የሚፈለፍል ሰው የስሚዝን ሥራ ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል።

ቱርቢዮንስ የምትሉኝ ትኖራላችሁ። እሱ የያዝ ለቀቅ ዓይነት አይደለም። ያዝ ለቀቁን ከነባላንሷ ተሸክሞ የሚያዞር ቤት ነው፤ ብሬጌ በ1801 መብቱን ወሰደበት። ውስጡ ሌቨርም ዴቴንትም ሊቀመጥ ይችላል። ስለዚህ ከእነዚህ ጋር አታወዳድሩት።

ስለ ሲሊከን ግን ዝም ብዬ አላልፍም። በ2001 ኡሊስ ናርዳን ፍሪክ በተባለ ሰዓቱ ካስገባው ወዲህ ብዙዎች ተከትለውታል። ቀላል ነው፤ ማግኔት አይነካውም፤ ያለ ዘይት ይሠራል። የዘይት ጥያቄ ተመለሰ ማለት ነው። ግን ሲሊከን በሞረድ አይሞረድም። የኮምፒውተር ቺፕ በሚሠራበት መንገድ ነው የሚወጣው። ቢሰበር ያው ኩባንያ መልሶ ካልላከላችሁ በቀር ማንም አይተካውም። እኔ ደግሞ መርካቶ በረንዳ ላይ ያሉትን ጋሼን አስባለሁ። መሳቢያቸው ውስጥ የሞቱ ሰዓቶች ሹካና ጎማ ሞልቷል። ካንዷ ፈትተው ላንዷ ይሰጣሉ። የጎደለውን በወረንጦና በሞረድ ያበጃሉ። ሌቨር መቶ ዓመት ቢያልፈውም እንዲህ ያለ ሰው ያድነዋል። “በእጅ የተሠራ” የሚል ሰዓት በእጅ የማይጠገን ከሆነ ለእኔ አንድ ነገር ጎድሎታል።

ለዚህ ነው ፊሊፕ ዱፉር ልቤን የሚያሞቀው። ስዊዘርላንድ፣ ቫሌ ደ ዡ የሚኖር ሽማግሌ ሰዓት ሠሪ ነው። ሲምፕሊሲቲ የምትባለው ሰዓቱ በ2000 ወጣች። ውስጧ ያለው ያ የታወቀው ሌቨር ነው፤ በሰዓት 18,000 ምት። አዲስ ያዝ ለቀቅ አልፈለሰፈም። ይልቅ እያንዳንዱን ጠርዝና ገጽ በእጁ እየወለወለ ከሽብልቅነቱ የሚቻለውን ያህል ፍትጊያ ቀነሰለት። ዘይቱን አላባረረውም፤ በጥቂቱ እንዲያዝለት አደረገ። ከአዲስ ፈጠራ ይልቅ ይህን የመረጠ ሰው የሚያውቀውን ያውቃል።

እንግዲህ ምረጥ ብትሉኝ፣ ለዓይኔ የቮቲላይነንን ሁለት ጎማ፣ ለአእምሮዬ የዳንኤልስን ኮአክሲያል፣ እጄ ላይ የማስረው ግን በደንብ የተወለወለ ሌቨር ነው። ጅማ ውስጥ ስለምኖር ጭምር ነው።

ሰዓታችሁ የትኛው እንደሆነ በዓይናችሁ ልትለዩ ትችላላችሁ። ሰከንድ ቆጣሪዋን አተኩራችሁ እዩ። የሲኮዋ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ስድስት ትንንሽ እርምጃ ትራመዳለች፤ ለዚህ ነው የምትንሳፈፍ የምትመስለው። ዴቴንት ያለው የድሮው የመርከብ ሰዓት፣ ክሮኖሜትር የሚሉት፣ በሰዓት 14,400 ይመታል፤ የሚገፋው ግን በሁለት ምት አንዴ ነው። ስለዚህ ቆጣሪው በየግማሽ ሰከንዱ ጥርት አድርጎ ይዘላል። ቪዲዮ ላይ አንዴ ካያችሁት አትረሱትም።

ጋሼ የአባቴን ሰዓት ፈታትተው አጠቧት። ከዚያ መርፌ የመሰለች ነገር ዘይት ውስጥ ነከር አደረጉ። ጠብታዋ በዓይን አትታይም። አንዱን ቀይ ድንጋይ ነካ፣ ሌላውን ነካ አደረጉ። ገጣጠሟትና አንዴ ወዝወዝ አደረጓት። ባላንሷ ራሷ ተነሳች። ቀጭ ቀጭ።

“ከአራት ዓመት በኋላ መልሰህ አምጣት” አሉኝ ገንዘቡን እየተቀበሉ። “ያኔ ደግሞ ይደርቃል።”